ሕግ በረዳት እጅ፦ የላኦስ ስደተኞች በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሠሩት ሥራና የሚታወሱበት መንገድ

ከላኦስ ተሰድደው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በረዳትነት የኖሩ ሰዎች ሲያርፉ የሚቀርበው የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ ይይዛል። ትውልድ በላኦስ፣ የሜኮንግን ወንዝ መሻገር፣ የታይላንድ መጠለያ ጣቢያ፣ ስፖንሰር የሆነች ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም በአንድ ትምህርት ቤት የረጅም ዘመን አገልግሎት ይዘረዘራል። ስለ አገልግሎቱ የሚነገረው ግን ከጠባይ እምብዛም አያልፍም፤ ትዕግሥተኛ ነበሩ፣ ልጆች ይወዷቸው ነበር ይባላል። ሐዘንተኛ ቤተሰብ እንዲህ በማለቱ አይወቀስም። የታሪክ ተመራማሪ ግን እዚያ ላይ ሊቆም አይገባውም። እነዚህ ሰዎች የሠሩት የአሜሪካ ሕግ ለመጤ ልጆች ቃል የገባውን፣ ትምህርት ቤቶች ግን የሚፈጽሙበት ሌላ ሰው ያልነበራቸውን ሥራ ነው። በመሆኑም ስማቸው ከደጋግ ሰዎች ተርታ ብቻ ሳይሆን በትምህርት አስተዳደር ታሪክ ውስጥም ሊመዘገብ ይገባል።

የኮሚኒስቱ ንቅናቄ ፓቴት ላኦ በታኅሣሥ 1975 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ንጉሣዊውን ሥርዓት ካስወገደ በኋላ ከ300,000 በላይ ሰው፣ ማለትም ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህሉ፣ ተሰደደ። ከተሰደዱት መካከል የመንግሥት ሠራተኞች፣ የጦር መኮንኖችና መምህራን ነበሩ፤ በቪየንቲያን አቅራቢያ በሚገኘው የዶንግ ዶክ መምህራን ማሠልጠኛ ተምረው የወጡም አሉባቸው። በቀድሞው ሥርዓት ከፍተኛው ትምህርት በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጥ ስለነበር የያዙት ማስረጃ በአሜሪካ የማስተማር ፈቃድ አያሰጥም ነበር። ለእነሱ የተከፈተው በር በሰዓት የሚከፈልበት የረዳትነት ሥራ ነው። (ለእኛም አገር ስደተኞች መንገድ የከፈተው የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሰውን አስገብቶ ለማስፈር ሲደራጅ፣ ሙያውን ይዞ የሚዘልቅበትን መንገድ ግን እምብዛም አላበጀም።)

በዚያው ዘመን ትምህርት ቤቶቹ ላይ አዲስ ግዴታ መጥቶባቸው ነበር። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በላው እና ኒኮልስ ክርክር በሳን ፍራንሲስኮ ያለ ቋንቋ ድጋፍ ስለተተዉ 1,800 ያህል የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ሲወስን፣ ልጅን ከማይገባው ትምህርት ፊት ማስቀመጥ ብቻ እኩል ዕድል መስጠት እንዳልሆነ አረጋገጠ። መፍትሔው ምን እንደሆነ ግን አልደነገገም። በ1975 የወጣው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ደግሞ ለወላጅ የሚደርሰው ማሳወቂያም ሆነ ልጁ የሚፈተንበት ፈተና በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ፤ «በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር» የሚል ማምለጫም አብሮ አስቀመጠ። የመከራከሪያዬ እምብርት ይህ ማምለጫ ነው። ላኦኛ የሚችል ረዳት ባለበት ትምህርት ቤት «አይቻልም» የሚለው ምክንያት ይወድቃል፤ በሌለበት ይጸናል። የወላጁ መብት መኖር አለመኖሩ የተመካው ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፈለው በዚህ ሰው መገኘት ላይ ነበር። ነገሩ ቃላትን ከማስተርጎምም ይሰፋል። በላኦስ ባህል መምህር እጅግ የሚከበር ስለሆነ በሥራው መግባት ነውር ነው፤ አሜሪካዊው መምህር ግን የወላጁን ዝምታ ለልጁ ደንታ እንደማጣት ሊቆጥረው ይችላል። ትኩሳት ለማብረድ በሳንቲም የታሸ የልጅ ጀርባ የሚያሳየው ቀይ ሰንበር የድብደባ ምልክት መስሎ ወላጅን ለምርመራ ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የረዳቱ ማብራሪያ የአንድን ቤተሰብ ዕጣ እስከ መወሰን ይደርሳል። ይህን «ትብብር» ብሎ ማለፍ ሥራውን ማሳነስ ነው።

ይህን አቋም የሚፈታተኑ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ረዳቶቹን ከፍ አድርጎ መጻፍ ርካሽ ጉልበትን በምስጋና መሸፈን ነው ይላል። በ1981 በካስታኜዳ እና ፒካርድ ክርክር የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ቋንቋውን የሚችሉ ረዳቶች ለጊዜው ሊያገለግሉ ቢችሉም ብቁ የሁለት ቋንቋ መምህራንን ሊተኩ እንደማይችሉ ማመልከቱ ለዚህ ተቃውሞ ጉልበት ይሰጠዋል። ነጥቡን እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። በደሉን የሚሸፍነው ስለ ትዕግሥትና ፈገግታ የሚነገረው ውዳሴ ነው። ሥራው በስሙ ሲጠራና ከተከፈለው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስቸግራል። ከላኦስ የመጣ ልጅ ሁሉ ላኦኛ አፉን የፈታበት አይደለም፤ ሕሞንግ፣ ክሙና ሚየን የየራሳቸው ቋንቋና ታሪክ አላቸው። አንድ ትምህርት ቤት ሁሉንም በአገር ስም ጠቅልሎ ለአንድ ቆላማ ላኦ ረዳት ሲያስረክብ፣ በአገር ቤት በቆላማ ላኦዎችና በሌሎቹ መካከል የነበረው የበላይና የበታች ግንኙነት ተሻግሮ ወደ ክፍሉ ሊገባ ይችላል። ይህ እውነት ረዳቱን ፍጹም አማላጅ አድርገን እንዳንስለው ያስገድደናል። ሆኖም ሊበድልበት የሚችል ሥልጣን ነበረው ማለት ሥልጣን ነበረው ማለት ነውና፣ ተራ አጋዥ አለመሆኑን ተቃውሞው ራሱ ይመሰክራል።

ስለዚህ ምንጭ ፍለጋው ከቀብር ንግግር ወደ ሌላ መዝገብ መሻገር አለበት። የወላጅ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ የልዩ ትምህርት ፈቃድ ቅጾችና የሥራ ሰዓት መዝገቦች አስተርጓሚው በየትኛው ውሳኔ ላይ እንደተገኘ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከ2002 ጀምሮ የተደረገው ለውጥም ከዚሁ ጋር መጠናት ይኖርበታል። በዚያ ዓመት የጸናው የፌዴራል ሕግ በፌዴራል ድጎማ በሚታገዙ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ረዳት የሁለት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት እንዲኖረው ወይም ፈተና እንዲያልፍ ሲጠይቅ፣ በዋናነት በአስተርጓሚነት የሚሠራውን ከዚህ ነጻ አድርጎ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ብቻ ጠየቀው። በወረቀት ላይ ማስተማርና ማስተርጎም ሁለት ሥራ ሆኑ። የሂሳብ ጥያቄ በላኦኛ እያስረዳ ልጁ ለምን እንደቀረ ከእናቱ ለሚጠይቅ ረዳት ግን ድንበሩ የት ላይ እንደሚሰመር ሕጉ አልተናገረም።