ሐረግ
ሐረግ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ተክል ነው። የዘር ሐረግ ከአያት ቅድመ አያት ይመዘዛል፤ በብራና መጽሐፍ ራስጌ በቀለም የሚሳለውም ጌጥ ሐረግ ይባላል። ከአንድ ምንጭ እየተከፋፈለ የሚወርድ መረጃን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ግን «ዛፍ» ይሉታል፦ ሥሩ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች።

ጀሞ ቤቴ ተቀምጬ አንዲት የኤክስኤምኤል ፋይል (መረጃን በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክቶች የምታደራጅ ጽሑፍ) ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደ ዛፍ ሣልሁ። ከላይ «አዲስ አበባ»፣ ከበታቹ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ»፣ ዝቅ ሲል «ለቡ»፣ «መካኒሳ»፣ «ጀሞ»። እያንዳንዱ ምልክት ተከፍቶ ልጆቹን አቅፎ ይዘጋል፤ ኮዱ ያንን ዕቅፍ ወደ መስመር ይለውጠዋል። አንዲት መዝጊያ ብትጎድል ሥዕል የለም።

የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብራና ቅርሶቻችንን የሚመዘግበው በዚሁ ኤክስኤምኤል ነው። እኔ የኮምፒውተሩን «ዛፍ» «ሐረግ» እንድንለው እወዳለሁ፤ አማርኛ ከአንድ ምንጭ የሚወርደውን ድሮም በሐረግ ይመዝዘዋልና።