ጦስኝና የሚያበቅለው ደጋ

ጦስኝን ከተሜው የሚያውቀው በሻይና በበርበሬ ቅመምነቱ ነው። ይህ መጣጥፍ ግን የሚያተኩረው በመኖሪያው ላይ ነው። በሀገራችን ሁለት ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ታይመስ ሺምፐሪ እና ታይመስ ሰሩላተስ። የመጀመሪያው ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ ላረፈው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ለዊልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው።

ታይመስ ሺምፐሪ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ከባሌ እስከ መንዝ ባሉ ደጋዎች፣ በገላጣ ሣራማ ቦታና በድንጋይ ስንጥቅ ይበቅላል። በዚያ ከፍታ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ የቅጠሉን ውኃ ስታተን አፈሩ ገና እንደቀዘቀዘ ስለሚቆይ ሥሩ እንደ ልብ ውኃ አይስብም። ተክሉ በእርጥብ ምድር ላይ ሆኖ ይጠማል ማለት ነው። ጦስኝ ይህን የሚቋቋመው ዝቅ ብሎ ነው፤ ግንዱ ከሥሩ እንጨታም ሆኖ መሬት ለመሬት ይንሰራፋል፣ ነፋስ የማይወስደውን የአፈሩን ሙቀት ይጋራል። ቅጠሎቹ ደቃቅ በመሆናቸው ውኃ ይቆጥባሉ። ሐምራዊ አበቦቹ ሲፈኩ ንቦች ይረባረቡበታል።

መዓዛው የሚመነጨው በቅጠሉ ላይ ካሉ ጥቃቅን የዘይት ዕጢዎች ነው። ዋናዎቹ ውሁዶች ቲሞልና ካርቫክሮል ሲሆኑ፣ መጠናቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው። ተራሮቻችን በሞቃት ሸለቆዎች የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ ተራራ ጦስኝ ቢጠፋ የሌላው አይተካውም፤ ዝርያው ሳይጠፋ የዘይቱ ዓይነት ሊጠፋ ይችላል።

አደጋው እርሻው ሽቅብ መግፋቱ፣ ልቅ ግጦሽና ለገበያ ተብሎ ከነሥሩ መነቀሉ ነው። የመፍትሔው አርአያ ግን አለን፤ ጓሳ በተባለው የመንዝ ደጋ ሕዝቡ ሣሩን ለዓመታት ከልሎ በወሰነው ጊዜ ብቻ የሚያጭድበት ጥንታዊ ሥርዓት ነበረው። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን አድሶታል። ለጦስኝም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው። ለቃሚው ለስላሳውን ጫፍ በማጭድ ይቁረጥ፣ እንጨታማውን ግንድ ይተው፤ ነጋዴውም ከነሥሩ የተነቀለውን አይግዛ።