ስማችን በባሕር ማዶ ሜዳ፦ የ1933 የቤዝቦል ወራት

ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የማርሻል ባዶሊዮ ባለ ካሚዮን ጦር በይፋት ቆላ አድርጎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ለማጀቴና ለአካባቢዋ ሕዝብ ወረራው ደጅ የደረሰ መከራ ነበር። ከውቅያኖስ ማዶ ለነበሩት ጥቁር አሜሪካውያንም ቢሆን ተራ የጋዜጣ ወሬ አልነበረም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ጸልየውበታል፣ ከጎደላቸው ላይ ገንዘብ አዋጥተውበታል። ዶክተር መላኩ በያንም ነሐሴ 1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት ይህን ስሜት መልክ ለማስያዝ ነው።

ስማችን ግን በሌላ በርም ገብቶ ነበር። በዚያው ዘመን በማያሚ ከተማ አንድ የጥቁሮች የቤዝቦል ቡድን «ኢትዮጵያን ክላውንስ» ተባለ፤ የኢትዮጵያ ቀልደኞች ማለት ነው።

ቤዝቦልን የማያውቅ አንባቢ የገና ጨዋታችንን ያስብ። ዱላም ኳስም አለ፤ ልዩነቱ ሩር በመሬት ስትነዳ የእነርሱ ኳስ ተወርውራ በአየር ላይ መመታቷ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ በአሜሪካ ግን ጃኪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 እስኪገባ ድረስ የትልቁ ሊግ በር ለጥቁር ዝግ ነበር።

ስለዚህ ቀልደኞቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ እንጀራቸውን ፈለጉ። ፊታቸውን ይቀባሉ፤ «ኢምፖ»፣ «ታርዛን» የሚል የፈጠራ ስም ይሸከማሉ፤ ጨዋታው ሳይጀመር ኳስ በሌለበት የሚወረውሩና የሚቀልቡ መስለው ተመልካቹን ያስቃሉ። ትርዒቱን የሚያሻሽጠው ሲድ ፖሎክ የተባለ ነጭ ነጋዴ ነበር። አገራችን በጠላት እጅ ወድቃ ስታነባ ስሟ የሳቅ ሸቀጥ መሆኑ ያማል። ተጫዋቾቹን ለመውቀስ ግን እጄ አይሄድም፤ ጭምብሉ የመግቢያ ትኬታቸው ነበርና።

ደግሞም መጫወት ያውቁ ነበር! ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ሳለች፣ እነዚህ ሰዎች የታወቀውን የዴንቨር ፖስት ውድድር አሸነፉ። ጥቁር ቡድን ወደዚያ ውድድር መግባት የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1934 ነበር። የተቀባው ፊት ያሳቃቸው ነጮች የኢትዮጵያን ስም ከአሸናፊው ተርታ አነበቡት።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ለክብራችን የተከራከሩት ሰዎች ማንነት ነው። ከእኛ ወገን አልነበሩም። ዌንደል ስሚዝ የተባለው የፒትስበርግ ኩሪየር ጥቁር ጋዜጠኛ ትርዒቱ ጥቁሩን ያዋርዳል ብሎ ጻፈ፤ የጥቁሮቹ ሊጎች መሪዎችም የፊቱን ቀለምና «ኢትዮጵያን» የሚለውን ስም ተቃወሙ። አንዳንዱ ተቃውሞ የገበያ ቅናት እንደነበረበት አልክድም። ሆኖም ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1943 ወደ ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ ቀለሙንም ስማችንንም አውልቆ ገባ።

ኋላ የቤዝቦል ታላቅ ሰው የሆነው ሀንክ አሮን እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣትነቱ ሲቀላቀላቸው ቡድኑ «ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ» ይባል ነበር። ኢትዮጵያ ሄዳ ቀልደኛው ቀርቷል።