ክፍልፋይን ከሲሶና ከእርቦ መጀመር

ወገል ጤና ሒሳብ ሳስተምር አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ 1/3 እና 1/4ን ደምሮ 2/7 ብሎ ጻፈልኝ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ስጠይቀው «1/4» አለኝ፤ 4 ከ3 ይበልጣልና። የገበሬ ልጅ መሆኑን ስለማውቅ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ከምርቱ ሲሶ ይሻልሃል ወይስ እርቦ?» ስለው ሳያመነታ «ሲሶ ነዋ!» አለ።

ልጁ ክፍልፋይን ያውቃል። ያላወቀው 1/3 ብሎ የጻፈው ያው ሲሶ መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ የጠቀሙኝን መንገዶች ለመምህራንና ለወላጆች ላካፍል።

አንደኛ፣ ከቁጥሩ በፊት ስሙ ይቅደም። ግማሽ፣ ሲሶ፣ እርቦ ይበሉ፤ ከዚያ ይጻፉ። ታህት አንዱ ነገር ስንት ቦታ እኩል እንደተከፈለ፣ ላዕል ደግሞ ከዚያ ስንቱ እንደተወሰደ ይናገራል። «እኩል» የሚለው ቃል አይዘለል፤ አራት ቦታ የተቆረሰ ዳቦ ቁራሾቹ ካልተካከሉ አንዱ ቁራሽ እርቦ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መደመርን በእህል ያሳዩ። 12 ቁና ስንዴ ቢኖር ሲሶው 4 ቁና፣ እርቦው 3 ቁና ነው። ድምሩ 7 ቁና፣ ማለትም 7/12 ይሆናል። የጋራ ታህት የምንፈልገው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም በአንድ መስፈሪያ ካልተሰፈሩ አይደመሩም። በሰዓትም ይሞክሩት፦ የሰዓት ሲሶ 20 ደቂቃ፣ ሩቡ 15 ደቂቃ፣ ድምሩ 35 ደቂቃ። 35/60 ሲቃለል ያው 7/12 ነው።

ሦስተኛ፣ ከማስላት በፊት ያስገምቱ። «መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁ። 2/7 ከሲሶም ያነሰ ነው። ሲሶ ላይ እርቦ ጨምረን እንዴት ከሲሶ ያነሰ እናገኛለን? ተማሪዬ ይህን ሲያይ ራሱ ሳቀና ሰረዘው።

አራተኛ፣ በክፍልፋይ ማካፈል። ብዙ ልጆች ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል ብለው ያስባሉ። እዚህ ደላንታ ምሳሌው ከእግራችን ሥር ነው። የወገል ጤና ኦፓል እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በዓለም ገበያ ታውቋል። የከበረ ድንጋይ የሚመዘንበት 1 ካራት 1/5 ግራም ነው። 3 ግራም ተኩል ኦፓል ስንት ካራት ነው? ጥያቄው «በ3 ግራም ተኩል ውስጥ ስንት 1/5 ግራም አለ?» ማለት ነው። በአንዱ ግራም 5 ስላለ መልሱ 17 ካራት ተኩል ይሆናል። አካፍለን ቁጥሩ በለጠ!

ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዋጋ በካራት ሲጠራ በግራም የሰማ ሰው የድንጋዩን እርባና አያውቅም። አባቱ ቆፍሮ ያወጣውን ድንጋይ ይዞ ሚዛን ፊት የሚቆም ልጅ 1/5 ምን እንደሆነ ካላወቀ አምስት እጅ ይከስራል። አውድማ ላይም ድርሻውን የሚያውቅ ልጅ ለቤተሰቡ ምስክር ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ እንጀራ ስትቆርሱ ልጃችሁን «ይህ ስንተኛው እጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።