ሰውስ የታለ?



ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ምን አደረጉ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ስለ ደግነቷ ረጅም ንግግር አላደረጉም። የሠራችላቸውን ልብስ አውጥተው ለጴጥሮስ አሳዩት። እኛስ ያሳደገችን እናት ስታርፍ ምን እናሳያለን?

በእምነት ያሳደገችኝ እናት ሃላሌ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። እሷ እንሰት እየፋቀች እኔ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላት ነበር። ድንገት እጇን ታቆምና "እስኪ ድገመው። አሁን ምን አድርግ አለህ?" ትለኛለች። መልስ ካልሰጠሁ ንባቡ አይቀጥልም።

ከተማ ገብቼ ሰባኪ ከሆንኩ በኋላ በየዓመቱ ስኳርና ቡና ይዤላት እሄድ ነበር። "ጌታ ይባርክህ ልጄ፤ ሰውስ የታለ?" ትለኛለች። "አንተን እንዳስተማርኩህ ማንን አስተማርክ?" ማለቷ ነው። እኔ ስቄ አልፋለሁ።

ወገኖቼ፣ ጥያቄው የእሷ ብቻ አልነበረም፤ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ታሪክ ነው። ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ የመጡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣልያን አገራችንን ወርሮ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቀው ሲወጡ፣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በወላይትኛ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የላቸው፤ በእጃቸው የነበረው ጥቂት የተተረጎመ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ከዚያም ስደት መጣ። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ እነ ወንጌላዊ ዋንዳሮ ተገረፉ፣ ታሰሩ። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን የአማኙ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ ነበር።

48ቱ እንዴት 10,000 ሆኑ? የወንጌላውያኑን ስም እንጠራለን፤ መልካም ነው። ታዲያ ለእስረኞቹ ስንቅ ያዘጋጀችው ማን ነበረች? ኦሞን ተሻግሮ ወደ ዳውሮ፣ ቆላውን አቋርጦ ወደ ጎፋ ከሄደው ወንጌላዊ ጋር ልጅ አዝላ የወጣችውስ? እናንተ የሃላሌ ሰዎች መንገዱን ታውቁታላችሁ። የብዙዎቹ ስም በወረቀት ላይ የለም። የሰሙትን ግን በምድጃው ዳር ለጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤትም ለሌላው ነገረ። እንዲህ ነው የበዛነው እኮ!

እናታችንን የቀበርን ዕለት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስለ ጸሎቷ እናወራለን። እኔም እንደ ልማዴ ስኳር ይዤ ነበር። የሚቀበለኝ ግን የለም፤ "ሰውስ?" የሚለኝም የለም። ያኔ አንዲት የጎረቤት ልጅ የእናታችንን መጽሐፍ ቅዱስ በደረቷ አቅፋ መጣች። እስከ መጨረሻው የምታነብላት እሷ ነበረች። "ጋሼ፣ አሁን ለማን ላንብብ?" አለችኝ።

ወገኔ፣ የጣቢታን ልብስ ያየሁት ያኔ ነው። ያቺ ልጅ ነበረች። እኔ በስንት መድረክ ቆሜ ሰብኬ፣ "ይህን ሰው እኔ አሳደግሁት" ብዬ የማሳየው አንድ ሰው አልነበረኝም። አፈርኩ።

"ለእኔ አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበች። "እስኪ ድገሚው። አሁን ምን አድርጊ አለሽ?" ስላት ፈገግ አለች፤ ጥያቄውን ታውቀዋለች።

አንቺም እህቴ፣ አንተም ወንድሜ፣ ያሳደጉህን ማሰብ ማለት ፎቶግራፍ መስቀል ብቻ አይደለም። ዛሬ አንድ ሰው ጥራ። አንድ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ። ጌታ ሲመጣ ለእኛም ጥያቄ አለው፤ ሰውስ የታለ?

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።