የራዲያተር አተላ

በአሮጌ መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጠራቀመውን ቡናማ ጭቃ የውጭ አገር የጥገና መጻሕፍት «ስላጅ» ይሉታል። እኛ ጋ መካኒኩ «ቆሻሻ ይዟል» ብሎ ያልፈዋል። ቆሻሻ ግን ከውጭ የሚገባ ነገር ነው፤ ይሄኛው አብዛኛው እዚያው ውስጥ ነው የሚሠራው። እኔ «አተላ» እንበለው ባይ ነኝ፤ ሙሉ ስሙም «የራዲያተር አተላ»።

«ዝቃጭ» የሚል ቃል እንዳለን አልዘነጋሁም። የፍሳሽ ማጣሪያ ሰዎች ይጠቀሙበታል፤ ስሕተትም አይደለም፤ ወደ ታች መውረዱን እንጂ አመጣጡን አይናገርም። «ደለል» ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው፤ ከበሬሳ ወንዝ በጀሪካን ቀድቶ ለሚሞላ ሹፌር ብቻ ይሆን ይሆናል። አተላ ግን ከገብሱ፣ ከብቅሉና ከጌሾው እዚያው ጋኑ ውስጥ ይወለዳል፤ ጠላው ሲያልቅ ከታች ይቀራል። ራዲያተሩም የራሱ ጥንስስ አለው።

የጥንስሱ ዋና እህል ዝገት ነው። እንደ ላዳ ያሉ የዱሮ መኪኖች ብሎካቸው ብረት፣ ቴስታታቸው አሉሚኒየም ነው፤ ኩላንት የሌለው ባዶ ውሃ ሲዞርባቸው ብረቱ እየዛገ ይረግፋል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማዕድኑን ይጨምርበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው። የማይስማሙ ሁለት ዓይነት ኩላንቶች ከተደባለቁ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት ሊረጉ ይችላሉ። ቀለሙ ማኪያቶ ከመሰለ ግን ዘይት ገብቷል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ አለዚያም በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የአውቶማቲክ ካምቢዮ የዘይት መስመር ይመርመር። ያን ሳይጠግኑ ማጠብ ትርፉ ድካም ነው።

ሰሜን ሸዋ ላይ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ብዙ ሞተሮች የሚሠሩት ከዚህ እምብዛም በማይርቅ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚያፍነው ግፊት ነው። አተላው ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎች ደፍኖ የክዳኑ ጎማም ከሳሳ፣ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ሽቅብ የሚያቃስት መኪና መንገድ ላይ መንተክተኩ አይቀርም። ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ደግሞ ባዶ ውሃ ይዞ ማደር በራሱ ያሰጋል።

አጠባው እንደ ጋን አጠባ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይነካም፤ የሚወረወረው እንፋሎት ፊት ይልጣል። ራዲያተሩን ከታች ያፈሱታል። ብሎኩ የራሱ ማፍሰሻ ካለው እሱም ይከፈታል፤ ይህን ብዙ ሰው ስለሚዘለው ብዙው አተላ እዚያው ያድራል። ከዚያ ቴርሞስታቱን አውጥቶ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ውሃውን ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ መልቀቅ ነው፤ ጠርቶ እስኪወጣ። ግፊቱ ለስለስ ይበል። ያረጀ ራዲያተር ቀዳዳውን ይዞለት የኖረው አተላው ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአጠባ በኋላ ማፍሰስ ቢጀምር አጣቢውን አትርገሙ። ሲያልቅ ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ እኩል በእኩል ይሞላል።

«የማቀዝቀዣ አተላ» ያላልኩት ሰው ፍሪጅ እንዳያስብ ነው። እርግጥ ነገሩ ብሎኩም ውስጥ ይተኛል፤ ቢሆንም የሚታየው ራዲያተሩ አፍ ላይ ነው። ቃሉ ከለመደልን በሞተር ዘይት ውስጥ ጠቁሮ የሚዝለገለገውንም «የዘይት አተላ» ማለት እንችላለን።

አንድ ቦታ ላይ ግን ስሙ ያሳስታል። የጠላ አተላ ለከብት ይሰጣል። የራዲያተሩ ግን ኩላንት ከነበረበት አብዛኛውን ጊዜ ኤትሊን ግላይኮል አለበት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም በግም ይልሰዋል፣ ጥቂቱም ይገድላል። ያፈሰሱትን በጀሪካን ከድነው ከከብቶቹ ገንዳ ያርቁት።