«አፕ» ያወረደኝ ቀን

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ታሪክ የሚያስተምረን የፒስ ኮር ፈረንጅ ነበር። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ላይ ድንገት «ታይም ኢዝ አፕ!» አለ። «አፕ» ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ላይ ያለች ፀሐይ ደግሞ ገና አልጠለቀችም። እንግዲህ ጊዜው ገና ነው ማለት ነው ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። ሁለተኛ ጮኸ። እኔ እቴ! ሦስተኛው ላይ ወረቀቴን ነጥቆ በመጨረሻው ገጽ ላይ ቀይ መስመር አሰመረበት። ከአንደኛ ወደ አምስተኛ ወረድኩ። አባቴ አንድ ሳምንት አላናገረኝም።

ኋላ ላይ ሳነብ ነው በዚህች ቃል የተሰቃየሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የገባኝ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ የውጭ አገር ሰው እንግሊዝኛ ሲማር እጅግ የሚቸገረው ግስ ከእንዲህ ያለች ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር ነው ብሎ ጽፏል። የዛሬ መምህራን «ፍሬዛል ቨርብ» የሚሉትን ስም ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በመጽሐፉ ያሰፈረው ግን በ1925 ነው። ስሙ የአባቴ እኩያ ነው ማለት ነው።

ቃሉ ሲነሳ ትርጉሙ ወደ ላይ ብቻ ነበር። እየዋለ እያደረ «ፈጽሞ፣ እስከ መጨረሻው» የሚለውን ደረበ። እኔን የጣለኝም ይኸው ነው፤ ጊዜው አልቋል ማለቱ ነበር ሰውዬው! ታዲያ ይህን እኛም አናጣውም። «ኢት አፕ» ማለት ጥርግ አድርገህ ብላ ነው። «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርገህ ጠጣ፣ «ሎክ አፕ» ጥርቅም አድርገህ ዝጋ፣ «ሻት አፕ» ደግሞ ጭጭ በል። እኛ ጥርግ፣ ጭልጥ፣ ጥርቅም እያልን ለየብቻው ያስቀመጥነውን እነሱ በሁለት ፊደል ጨርሰውታል። ያኔ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው ባገኝ ኖሮ!

አንዳንዱ ግን ለባለቤቶቹም ግራ ነው። ቤት ሲቃጠል «በርን አፕ» ይላሉ፣ «በርን ዳውን»ም ይላሉ፤ ቤቱ ያው አመድ ነው። በእንግሊዝ አገር ከሰሜን ኮረብታ ቁልቁል ወደ ለንደን የሚመጣው ባቡር «አፕ» ይባላል፤ ለንደን ዋና ከተማ ናታ። ኦክስፎርድ የሚገባ ተማሪም «ይወጣል»፣ የተባረረ «ይወርዳል»። ሹመት እንጂ አቀማመጥ አይደለም ነገሩ። እኛ አዲስ አበባ እንገባለን፣ ክፍለ ሀገር እንወጣለን፤ እንግሊዙ ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?

አሁን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «ዋትስ አፕ፣ አያዬ!» ትለኛለች። ሰላምታ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ዓይኔ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ጣራውን ሳያይ አይመለስም።